«በተሰጠን ሥልጣን መሠረት»

ደብዳቤው ግማሽ ገጽ አይሞላም። ከላይ አርማ፣ ከታች ክብ ማህተም፣ ግርጌው ላይ «ግልባጭ» ተብሎ የአራት ጽሕፈት ቤት ስም። መካከሉ ላይ «በተሰጠን ሥልጣን መሠረት» ይልና አጎቴ ሰብልም ሆነ ቋሚ ንብረት የሌለበትን ይዞታውን በ30 ቀን ውስጥ ለልማት እንዲያስረክብ ያሳስባል። አዋጅ አልጠቀሰም፣ አንቀጽ አልጠቀሰም። ደብዳቤው ፀዳ የደረሰው ጥቅምት ላይ ነው። በዚያ ጥቅምት የአጎቴ ማሳ ላይ ሽምብራ ነበር።

ፀዳን ያልረገጠ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሆን ላይገባው ይችላል። ከጎንደር ተነሥቶ፣ አዘዞን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መንገደኛ ግራና ቀኝ የሚያየው ጥቁር መሬት ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምቱን ውሃ አቁሮ ይከርማል፤ ነሐሴ ላይ ላየው ሰው ጭቃ የሞላበት ባዶ ሜዳ ነው። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ መሬቱ እግር ማስገባት ሲጀምር ሽምብራ ይዘራበታል። ሽምብራው ሌላ ዝናብ አይጠብቅም፤ መሬቱ ውጦ ባስቀረው እርጥበት አድጎ ጥር ላይ ይነቀላል። ባለሙያዎቹ መጥተው የለኩት ነሐሴ ላይ ነበር። ያዩትን ጻፉ፤ «ሰብል የሌለበት»። ደብዳቤው ተፈርሞ፣ ማህተም ተመቶበት፣ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ አጎቴ እጅ እስኪገባ ማሳው አረንጓዴ ለብሶ ነበር።

ነገሩ የሆነው ከ2011 ዓ.ም. በፊት ስለሆነ የሚገዛው ሕግ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። ያ አዋጅ ሁለት ዓይነት መሬት ለይቶ ሁለት ዓይነት ቀን ቆርጧል። ሰብል ወይም ሌላ ንብረት ያለበት ከሆነ ካሣው ከተከፈለ በኋላ 90 ቀን፣ ምንም የሌለበት ከሆነ 30 ቀን። እንግዲህ ጠቅላላ ክርክሩ ማሳው ላይ ሽምብራ አለ ወይስ የለም የሚል ነው። ይህን ለመመለስ መሐንዲስ አያሻም፤ ወርዶ ማየት ይበቃል። አጎቴ ግን ጥያቄውን የሚሰማው አጣ። ጽሕፈት ቤቱ «ተወስኗል» አለው። ፍርድ ቤት ሄደ፤ የመዝገብ ቤቱ ልጅ በትሕትና ተነሥቶ «አባቴ፣ ካሣው አንሶኛል ካሉ እንቀበልዎታለን። ልቀቅ መባልዎን ግን እኛ አንነካውም፣ የአስተዳደር ጉዳይ ነው» አለው።

በልጁ አልፈርድም። የተናገረው አገር ያስተማረውን ነው። «የአስተዳደር ጉዳይ ነው» የሚለው ቃል ከቀበሌ እስከ ሚኒስቴር፣ ከተራ ጸሐፊ እስከ ሕግ ምሩቅ ድረስ የሚታመንበት ሃይማኖት ሆኗል። እምነቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሥልጣን በአዋጅ ከተሰጠው፣ በዚያ ሥልጣን የሠራው ሁሉ የቤቱ ጉዳይ ነው፤ ዳኛ ገብቶ ልመርምር ቢል ልማት ያደናቅፋል፣ የማያውቀውን ያቦካል፣ የሌላውን ሥልጣን ይጋፋል። ይህን ሐሳብ ቅን የሆኑ ሰዎችም ይዘውታል። እኔ ግን ከሥሩ ስሕተት ነው እላለሁ። በሕግ ተሰጠ ማለት ተለክቶ ተሰጠ ማለት ነው። 455/1997 ለጽሕፈት ቤቱ የማስለቀቅ ሥልጣን ሲሰጠው በዚያው ገጽ፣ በዚያው ቀለም፣ 90 እና 30 ብሎ ለክቶ ነው የሰጠው። ሥልጣኑን ወስዶ ልኩን የተወ መሥሪያ ቤት አዋጁን ፈጸምሁ ሊል አይችልም። ልኩ ተጠብቋል ወይስ ተጥሷል ብሎ ማንበብ ደግሞ የዳኛ ዋና ሥራ ነው፤ ከዚያ ሌላ ዳኛ የተቀመጠበት ምክንያት ምንድን ነው?

ባህል የሚጠቅሱ አሉ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉናል፤ ከጥንት የመጣ ነው፣ በደማችን ያለ ነው ይሉናል። ተረቱን ግን ልብ ብሎ የሚሰማው የለም። አይከሰስም የተባለው ንጉሥ ነው። ምስለኔ አይከሰስ አላለም፣ ጭቃ ሹም አይከሰስ አላለም። ይህን ልዩነት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ራሱ በጽሑፍ አስፍሮታል። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ክስ እንዳይቀርብ ከለከለ፤ እዚያው አንቀጽ ላይ ግን በመንግሥቱ፣ በሚኒስቴሮቹና በመሥሪያ ቤቶቹ ጥፋት ከባድ ጉዳት የደረሰበት ነዋሪ ፍርድ ቤት ሄዶ መክሰስ እንደሚችል ደነገገ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2126 ሹሙ በሥራው ላይ ላጠፋው ጥፋት መንግሥትን ጭምር ኃላፊ አደረገ። ዘውድ በነበረበት ዘመን ለዘውዱ ብቻ የተተወውን ከለላ፣ ዘውድ በሌለበት ዘመን አውጥቶ ለአንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ማልበስ ከየት የመጣ ባህል ነው?

ባህል ከተባለ እኛ ጎንደሮች የምንጠቅሰው ሌላ አለን። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በቤተ መንግሥቱ ደጅ ከጧት እስከ ማታ የማይቋረጥ ጩኸት እንደነበር ጽፏል። ከየአውራጃው የመጣ ተበዳይ በየቋንቋው ይጮኻል፤ አማርኛ ተናጋሪው «ርትዕ! ጃን ሆይ!» ይላል፤ ፍረዱልኝ ማለቱ ነው። ብሩስን እጅግ የገረመው ግን ሌላ ነገር ነው። ክረምት ሲገባ፣ ወንዝ ሲሞላ፣ አቤት ባይ ከሩቅ መምጣት ሲያቅተው፣ ደጁ ጸጥ እንዳይል ለጩኸቱ የሚቀጠሩ ሰዎች ነበሩ። ንጉሡ ያለ አቤት ባይ ብቻውን እንዳይቀር፣ ለክብሩ ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ነው ብለው ነገሩት። ብሩስ ይህን ከንቱ ነገር አድርጎ ነው ያየው። እኔ በፋሲል ግቢ አጥር ሥር ባለፍሁ ቁጥር የማስበው ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች አቤቱታ የማይሰማበት ደጅ የተዋረደ ደጅ ነው ብለው ያምኑ ነበር። አቤት መባል የሥልጣን ክብር ነበር። ዛሬ ያ ክብር ተገልብጦ፣ ለምን ተጠየቅሁ ብሎ የሚቆጣ መሥሪያ ቤት ነው ያለን።

ጥያቄውም የእኛ ብቻ አይደለም። ብሩስ ጎንደር ከመግባቱ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ለንደን ላይ አንድ ክስ ተፈርዶ ነበር። የአንድ ሚኒስትር መልእክተኞች በሚኒስትሩ ማዘዣ የጸሐፊውን የጆን ኤንቲክን ቤት ሰብረው ገብተው ወረቀቶቹን ጠራርገው ወስደዋል። ዳኛው ሎርድ ካምደን የጠየቁት ሚኒስትሩ ይህን ለማዘዝ ሥልጣን ያገኘው በየትኛው ሕግ ነው ብለው ነው። ሕጉ ታጣ፤ መልእክተኞቹም ለጸሐፊው ካሡ። አጎቴ ደብዳቤውን ሳነብለት የጠየቀኝ ይህንኑ ነው፤ ስለ ካምደን ሰምቶ አያውቅም። «ልጄ፣ ማን ነው የሰጣቸው? ስንትስ ነው የሰጣቸው?» አለኝ።

«መሬት እኮ የመንግሥት ነው» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የሚለው የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ አርሶ አደሩ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ይናገራል። የመጀመሪያውን አንብቦ ሁለተኛውን መዝለል ሕግ ማንበብ አይባልም። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

የምቆየው ሕግ አውጪው ራሱ በሩን በዘጋበት ቦታ ላይ ነው፤ ጉዳቱ ያለው እዚያ ነውና። 455/1997 ለገጠሩ ባለይዞታ የፍርድ ቤት በር የከፈተለት ለካሣው መጠን ብቻ ነው። ልቀቅ የተባልሁት ለሕዝብ ጥቅም ነው ወይ፣ ቀኑ ተጠብቋል ወይ፣ ሽምብራዬ ታይቷል ወይ የሚሉት ሁሉ ከበሩ ውጭ ቀሩ። በዚያው አዋጅ ይግባኝ የሚል ባለይዞታ መሬቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ሰነድ አብሮ ካላያያዘ ይግባኙ አይታይለትም ነበር። መጀመሪያ ልቀቅ፣ ከዚያ ተከራከር ማለት ነው። በ2004 የወጣው የከተማ ቦታ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከዚህም ራቅ ብሎ ሄደ። ከከተማ ቦታው ልቀቅ የተባለ ሰው ጉዳዩን የሚያይለት ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ በፍሬ ነገርም በሕግም ረገድ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ እንዲሆን አደረገ፤ ለፍርድ ቤት የተተወለት እዚህም ካሣው ብቻ ነበር። ይህን ቃል ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የፍሬ ነገር ጉዳይ የመጨረሻ ይሁን ቢባል፣ ባልስማማም ይገባኛል። የሕግ ጥያቄ፣ ማለትም አዋጁ ምን ይላል የሚለው ጥያቄ፣ ፍርድ ቤት ካልሆነ አካል እጅ የመጨረሻ መልስ ካገኘ፣ በዚያች ከተማ አዋጁ የሚለው ጉባኤው ይላል ያለውን ሆነ ማለት ነው።

በሠራተኛ ጉዳይም ይኸው ነበረ። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 155/2000 በአንቀጽ 37 ለዋና ዳይሬክተሩ የሰጠውን ሥልጣን ያነበበ ሰው አይረሳውም። ሠራተኛውን በሙስና ከጠረጠረውና እምነት ካጣበት፣ መደበኛውን የዲሲፕሊን ሥርዓት ሳይከተል ያሰናብተው ነበር። የተሰናበተው ሰው ደግሞ በየትኛውም የዳኝነት አካል ውሳኔ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አይኖረውም ነበር። ሙስናን የሚጠላ ሁሉ ይህን አንቀጽ ሊደግፍ ይከጅለው ይሆናል። እኔም ሙስናን እጠላለሁ። ግን በጥርጣሬ ብቻ ማንንም ማባረር የሚችል፣ ማንም የማይመልስበት አለቃ ያለበት ቤት ውስጥ ሙስናን አይቶ ለመናገር የሚደፍር ሠራተኛ ከየት ይገኛል?

አሁን ወደ ዳኞቻችን ልምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 79 ደግሞ በፌደራልም በክልልም የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ብቻ እንደሆነ ይናገራል። እነዚህን ይዞ የተቀመጠ ዳኛ «የአስተዳደር ጉዳይ ነው» ብሎ መዝገብ ሲዘጋ፣ ያልተወሰደበትን ሥልጣን በገዛ እጁ አስረከበ ማለት ነው። ይህ መሸሽ ምንጭ አለው። በ1997 ምርጫ ማግስት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባና አካባቢዋ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍ የከለከሉበትን መመሪያ የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት ፍርድ ቤት አቀረበው። የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጥያቄውን ራሱ ከመመለስ ይልቅ ለሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ መራው፤ ጉባኤውም መመሪያው ሕገ መንግሥቱን አይቃረንም አለ። ከዚያ ወዲህ መመሪያ የሚባል ነገር ፊቱ ሲቀርብ «የፌደሬሽን ምክር ቤት ጉዳይ ነው» ብሎ የሚያሻግር ችሎት በዛ።

ይህ ሁለት ጥያቄዎችን መቀላቀል ነው። አዋጁ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱን በአገራችን ሥርዓት የሚመልሰው የፌደሬሽን ምክር ቤት ነው፣ እሺ። መሥሪያ ቤቱ በአዋጁ ከተሰጠው ልክ አልፏል ወይ የሚለው ግን ሌላ ነው። ለዚህኛው ሕገ መንግሥት መተርጎም አያስፈልግም፤ አዋጁን ማንበብ በቂ ነው። አዋጅ ማንበብ የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ጧት ጧት የሚሠራው ሥራ ነው። የአጎቴ ሽምብራ ወደ አዲስ አበባ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ምክር ቤት ፊት መቅረብ አልነበረበትም።

ፍርድ ቤት ሲደፍር አገር እንደማይፈርስ አይተናል። በ2013 ምርጫ ቦርድ በእስር ላይ የነበሩትን እስክንድር ነጋንና ሌሎች የባልደራስ ፓርቲ እጩዎችን አልመዘግብም አለ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከቦርዱ ጎን ቆመ። ግንቦት ላይ የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ገልብጦ መመዝገብ አለባቸው ብሎ ወሰነ። ቦርዱ መጀመሪያ ጊዜው አልፏል፣ ለመፈጸም ያስቸግረኛል አለ፤ በኋላ ፈጸመ። አዲስ አበባም በተቆረጠው ቀን፣ ሰኔ 14፣ ድምፅ ሰጠች። ከዚህ የበለጠ የተጣበበ ጊዜ፣ ከዚህ የበለጠ ትልቅ ሥራ አላውቅም። አገር አቀፍ ምርጫ በዳኛ ትእዛዝ ተስተካክሎ መካሄድ ከቻለ፣ አንድ ማሳ በ30 ቀን ፈንታ በ90 ቀን ቢለቀቅ የሚቆም ልማት የለም።

ልማት ይጓተታል ለሚሉኝ ደግሞ የዚያን መሬት ነገር ልንገራቸው። አጎቴ በተባለው ቀን አስረከበ። መሬቱ ከተረከቡት በኋላ ሁለት ክረምት እንዲሁ ውሃ ቋጥሮ ከረመ። ግንድ ተተክሎበት ገመድ ተዘረጋበት፤ ከዚያ ወዲያ ለሁለት ዓመት ድንጋይ የወረደበት የለም። ለሽምብራው ሁለት ወር ያልነበረው ልማት ለራሱ ሁለት ዓመት ነበረው። ዳኛ ቢጠይቅ ኖሮ የሚባክነው ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ዳኞች ሙያው የላቸውም የሚለው ሌላው ክርክር ነው። መንገዱ በዚህ ይለፍ ወይስ በዚያ፣ ከተማው ወደ ፀዳ ይስፋ ወይስ ወደ ሌላ አቅጣጫ ብሎ ዳኛ ቢወስን እኔም እቃወማለሁ። ያ የመሐንዲሱና የምክር ቤቱ ነው። ዳኛው የሚጠየቀው አዋጁ እንዳለው ካሣው አስቀድሞ ተከፍሏል ወይ፣ ሰውየው ተሰምቷል ወይ፣ ማሳው ታይቷል ወይ ነው። እንባ ጠባቂ አለ አይደለም ወይ ለሚሉም፣ አለ፤ መልካም ሥራም ይሠራል፤ ግን የሚሰጠው ምክር ነው፣ አልቀበልም ያለውን መሥሪያ ቤት እንደ ፍርድ ትእዛዝ አያስገድድም።

ሕጉ ባለበት አልቆመም፤ ይህን መካድ አይገባኝም። 455ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የማስለቀቂያ ትእዛዙን ራሱን መቃወም እንዲቻል፣ አቤቱታውም በአቤቱታ ሰሚና በይግባኝ ሰሚ አልፎ እስከ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲደርስ መንገድ ከፈተ። በ2012 የወጣው የፌደራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ደግሞ በዚህ ዘርፍ የወጣ ትልቁ ሕጋችን ነው። መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሲያወጡ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ መመሪያው እንዲመዘገብ፣ ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ፣ የተበደለም ወገን ለፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቅርቦ እንዲያስመረምር አዟል። ከዚህ በኋላ የፌደራል መሥሪያ ቤት «በተሰጠን ሥልጣን መሠረት» ብሎ ዝም ሊል አይችልም። ፀዳ ላይ የሚጻፈው ደብዳቤ ግን የፌደራል አይደለም። የከተማ ነው፣ የዞን ነው፣ የክልል ነው፤ አዋጅ 1183ም የሚገዛው የፌደራሉን ወገን ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ደግሞ መንግሥትን የሚያገኘው እዚህ ታች ነው፤ ለይዞታ ደብተር፣ ለግንባታ ፈቃድ፣ ለንግድ ፈቃድ የሚመላለሰው እዚህ ነው።

ስለዚህ የምከራከረው ከክልላችን ዳኞች ጋር ነው። ሕግ እስኪወጣላችሁ አትጠብቁ። አንቀጽ 37 እጃችሁ ላይ ነው፤ አንቀጽ 79 እጃችሁ ላይ ነው። ከማክሰኚት፣ ከአዘዞ፣ ከፀዳ አንድ ሰው ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ «የአስተዳደር ጉዳይ ነው» ከማለታችሁ በፊት ደብዳቤውን አንብቡት። መሥሪያ ቤቱን ጠርታችሁ ይህን የጻፋችሁበት አንቀጽ የትኛው ነው በሉት። አንቀጹን ካሳየና በልኩ ከሠራ መዝገቡን ዝጉት፤ ሰውየውም በውሳኔው ቢያዝን የተሰማ ሰው ሆኖ ይመለሳል። አንቀጹን ካላሳየ፣ ወይም አንቀጹ 90 እያለ እሱ 30 ካለ፣ ደብዳቤውን ሻሩት። ይህን ስታደርጉ ከማንም ላይ ሥልጣን አልቀማችሁም። ሥልጣን አዋጁ በለካው ቦታ እንዲቆም አደረጋችሁ እንጂ።

ሠላሳው ቀን ያለቀው ኅዳር ላይ ነው። በማግሥቱ ዶዘር ይገባል ተብሎ ስለተወራ ቤተሰቡ ሁሉ ከንጋት ጀምሮ ማሳው ውስጥ ነበር። ሽምብራው አብቦ ገና ፍሬ መያዝ ጀምሮ ስለነበር የሚወቃ ነገር አልነበረውም፤ በእሸትነቱ ነቀልነው። ሕፃናቱ በእቅፍ በእቅፍ እያሰሩ አስፋልቱ ዳር አቆሙትና ወደ ባሕር ዳር ለሚያልፍ መኪና ሁሉ ያሳዩ ነበር። አንዳንዱ እያቆመ ይገዛል፤ አብዛኛው አያቆምም። አጎቴ ከደረት ኪሱ ደብዳቤውን አውጥቶ ዘርግቶ «እስኪ አንዴ አንብበው፣ ‹ሰብል የሌለበት› የሚለውን ብቻ» አለኝ። እጄ ሁሉ የሽምብራ ጨው ነበር፤ ወረቀቱን አቆሸሽሁበት።